ያጠብሁት ጎሚኒ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። መርካቶ፣ አዲስ ከተማ።

የምጽፈውን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከአፌ የሰማው ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ሳታውቀው ዐረፈች። የንስሐ አባቴ በየዓመቱ ቀርቤ ስናዘዝ ሰምተውኛል፤ ጾም መሻሬን ነግሬአቸዋለሁ፣ በልጆቼ ላይ በከንቱ መቆጣቴን ነግሬአቸዋለሁ፣ ይህን ግን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኋቸውም። ትንንሹን ኃጢአት እየቆነጠሩ ለካህን ማቅረብ፣ ትልቁን ግን ቤት ቆልፎበት መሄድ ምን ዓይነት ንስሐ ነው? ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ ዛሬ በእሳቸው ቦታ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት። ይፍቱኝ አልልዎትም። እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

ያደረግሁት ይህ ነው፦ አንድን ሰው ነጻ ሊያወጣው የሚችለውን ብቸኛ ማስረጃ በገዛ እጄ በቤንዚን አጥቤ አጠፋሁ፤ ከዚያም ያው ሰው ፊቴ ቆሞ ቃሌን ሲጠብቅ ፈረድሁበት። ሰውየው ሸምሱ ይባላል። መካኒክ ነበር። «ነበር» የምለው በእኔ ምክንያት ነው።

በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ምሕንድስና ተምሬአለሁ። ለዓመታት በመንግሥት ፋብሪካ ከሠራሁ በኋላ፣ መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥባቸው መንገዶች በአንዱ ሱቅ ከፈትሁ። በመንገዱ ላይ ዲግሪ ያለው ነጋዴ እኔ ብቻ ስለ ነበርሁ የገዛ ስሜ ቀርቶ «ኢንጂነር» ሆንሁ። መለኪያዬ ከደረት ኪሴ አይለይም ነበር። በዓይኑ ገምቶ «ልክ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዕቃውን ከእጁ ተቀብዬ እለካና ስሕተቱን በሚሊሜትር እነግረው ነበር፤ ያውም ሰው ባለበት። ሰዎቹ ያከብሩኝ ነበር፤ ይፈሩኝም ነበር። መፈራቴን እንደምወደው ያን ጊዜ ቢነግሩኝ እቆጣ ነበር።

ዳኝነቱም የመጣው ከዚሁ ነው። በእኛ መንገድ የተገጠመ ዕቃ ሲሰበር ባለመኪናው ሻጩን ይከሳል፣ ሻጩ መካኒኩን ይከሳል፣ መካኒኩ መንገዱን ይረግማል። ፍርድ ቤት የሚሄድ ግን የለም። ሁሉም ሐጂ ኑርዬ ሱቅ ደጃፍ ይሰበሰባል። ሐጂ ኑርዬ ከወሎ የመጡ የጎማ ነጋዴ ነበሩ፤ በመንገዱ በዕድሜም በክብርም የሚበልጣቸው አልነበረም። እሳቸው ያስቀምጡናል፤ የተሰበረው ዕቃ ካርቶን ላይ ይቀመጣል፤ እኔ አይቼ የመሰበሩን ምክንያት እናገራለሁ። ሁለቱም ወገኖች «የኢንጂነሩን ቃል ተቀብለናል» ብለው ስለሚጀምሩ ከእኔ በኋላ ክርክር የለም። አንድ ሕግ ነበረን፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ዕቃ እንደ ወጣ ይቀርባል፤ አይታጠብም፣ አይጠረግም። የቱ ጋ እንደ ዛገ፣ የቱ ጋ እንደ ተፋቀ፣ ግራሶው የት ድረስ እንደ ገባ ከቆሻሻው በቀር የሚነግረን ምስክር የለምና። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ የተሰበረ ዘንግ አሳጥቦ ቢያቀርብ፣ ዕቃውን ሳልነካ ፈረድሁበት። ዕቃ የሚያጥብ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው አልሁ። በሰው ሁሉ ፊት ያልሁት ይህን ነው።

አሁን ስለ ዕቃው ልናገር፤ ያለ እሱ ኃጢአቴ በልኩ አይታይዎትም። ጎሚኒ የምንለው፣ የመኪናውን እግር የሚሸከመው ክንድ፣ በጋራዥ ቋንቋ ብራቾው፣ ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቡሎኑን ከብቦ የሚቀመጥ ለስላሳ ቀለበት ነው። ከፋብሪካው የሚመጣው ከላስቲክ የተሠራ ነው። ላስቲኩ በውስጥም በውጭም ከብረት ቱቦ ጋር ተጣብቆ የተጋገረ ስለሆነ፣ ብራቾው ሲነሣና ሲወርድ ላስቲኩ በራሱ ሰውነት ውስጥ ተጠማዝዞ ይመለሳል። የትም አይንሸራተትም፤ ስለዚህ ድምፅ የለውም፣ ግራሶም አይፈልግም። የእኛን ጉድጓድ ግን አይችልም። ቶሎ ይቀደዳል።

ፖሊዩሪቴን የሚባለው ጠንካራ ነገር ሲመጣ ታዲያ እኔ ቀደምሁ። በዘንግ መልክ አስመጣሁ፤ ቢጫ ነበር፤ ቶርኖ ቤት አስቆርጬ ለሚኒባሶች ጎሚኒ ማሠራት ጀመርሁ። የዚህ ጎሚኒ አሠራር ከላስቲኩ ይለያል። ከምንም ጋር አልተጣበቀም። በሁለት ቁራጭ ሆኖ ከግራና ከቀኝ ወደ ብራቾው ቀዳዳ ይገባል፤ በመካከሉ የብረት ቱቦ ያልፋል፤ ብራቾውን ከሁለት ወገን የሚያቅፉት የሻንሲው ጆሮዎች በቡሎን ሲጠብቁ የሚነክሱት ቱቦውን ብቻ ነው። ቱቦው ይቆማል፤ ጎሚኒው በግራሶ ተቀብቶ በቱቦው ዙሪያ፣ በር በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር፣ ይዞራል። ይህ እንዲሆን ቱቦው ከጎሚኒው በሁለቱም ጫፍ ጥቂት ማለፍ አለበት። ጥቂት፣ ግን የግድ። ቱቦው ካጠረ ጆሮዎቹ የሚነክሱት ጎሚኒውን ይሆናል፤ የተነከሰ ጎሚኒ አይዞርም፤ ጎሚኒው ካልዞረ ደግሞ መኪናው ባነጠረ ቁጥር ብራቾው የሚታገለው ከጆሮዎቹ ብረት ጋር ነው። ብረትም ይደክማል።

በመጀመሪያ ያሠራኋቸው ልካቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን ይጮኹ ነበር። ግራሶው በአቧራና በውኃ ሲያልቅ ሲጥ ሲጥ ይላሉ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በየጊዜው ፈትቶ መቀባት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የሚኒባስ ረዳቶች ግን የማይተርቡት ነገር የላቸውም። አንዱ በሱቄ በር ባለፈ ቁጥር መስኮቱን ከፍቶ «ኢንጂነር፣ ጫጩቶቹ ጥሬ ይስጡን እያሉ ነው!» ይለኝ ነበር። ሌላው ለተሳፋሪዎች «አይዟችሁ፣ የኢንጂነሩ ጎሚኒ ነው፣ እየተማረ ነው» ይላል። መንገዱ ሁሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ሰው የሳተውን በሚሊሜትር ስነግረው የኖርሁት እኔ፣ በዕቃዬ ጫጩት ተባልሁ።

ያን ጊዜ ነው ከላስቲኩ የተማርሁትን ይዤ የተሳሳትሁት። ላስቲኩ የማይጮኸው ከሁሉም ወገን ተይዞ ስለሆነ ነው፤ ይህም ከተያዘ ዝም ይላል ብዬ አሰብሁ። ለቶርኖ ሠራተኛው ቱቦውን ከጎሚኒው ሁለት ሚሊሜትር ያህል አሳጥሮ እንዲቆርጥ አዘዝሁት። እሱ የታዘዘውን ቆረጠ። ጩኸቱም በዚያው ቀረ። ረዳቶቹ ሌላ የሚተርቡት ሰው ፈለጉ፤ ሾፌሮቹ አመሰገኑኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልሁ። ጎሚኒው ዝም ያለው መዞሩን ስላቆመ መሆኑን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ወረቀት ላይ ሥሎ ሊደርስበት ይችል ነበር። እኔ አልሣልሁትም። ለምን ልሣለው? ዝም ብሏል እኮ።

ሸምሱ በመንገዱ መጨረሻ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሠራ የነበረ የስልጤ ሰው ነው። ትዳር ይዞ ሁለት ልጆች ወልዷል። ከገዛ ልጆቹ እኩል ያሳደገው ታናሽ ወንድም አለው፤ ሙራድ ይባላል። ሙራድ የእትዬ ላቀችን ሚኒባስ ይነዳ ነበር። እትዬ ላቀች ጎሚኒውን ከእኔ ገዙ፤ ሸምሱ ገጠመው። የወንድሙ መኪና ስለሆነ እንደ ሌላው ሥራ አልሠራውም። ከእኔ ሱቅ የወሰደውን ግራሶ በጣቱ እያወጣ የቱቦውን ዙሪያ ሲቀባ በሩ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። አንባቢዬ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ይያዙልኝ። አይቼዋለሁ።

ጥቂት ወራት አለፉ። ሙራድ አንድ ቀን ከእንጦጦ በኩል ሰው ጭኖ ሲወርድ የፊት ግራ ጆሮው ከብየዳው ላይ ተገነጠለ፤ ጎማው ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ መኪናው ግንብ መታ። ተሳፋሪዎቹ በመጋጋጥ አመለጡ። ሙራድ ግን እግሩ ከሥር ተይዞ ስለ ነበር ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ተስተካክሎ አልሄደም። መኪናው ተጎትቶ ወደ መርካቶ መጣ። በነጋታው ከሰዓት ሐጂ ኑርዬ ደጃፍ እንድንሰበሰብ ቀጠሮ ተያዘ።

እኔ በማለዳ ሄድሁ። ማንም አልላከኝም። መኪናው ወደ ቆመበት ግቢ ዘበኛው ሳይጠይቀኝ አስገባኝ፤ ኢንጂነሩ ዕቃ ሊያይ ሲመጣ ማን ይጠይቀዋል? ብራቾው ተንጠልጥሎ ስለ ነበር ጎሚኒውን ማውጣት አላስቸገረኝም። ፊቱ ላይ የሻንሲው ጆሮ ማኅተም እንደ ተመታበት ሆኖ ታትሟል። ቱቦውን ገፍቼ አወጣሁት። በውስጡ ያለው ግራሶ እንደ ተቀባበት ቀን ነበር። ንጹሕ፤ ጣት ያለፈበት መሥመር ሳይቀር የሚታይበት። አልጠቆረም፣ አልቀጠነም፤ ሥራ አልሠራምና።

ሁሉ ነገር እዚያች እፍኝ በማትሞላ ዕቃ ላይ ተጽፎ ነበር። ግራሶው መኖሩ ሸምሱ በትክክል እንደ ገጠመ ይመሰክራል። ግራሶው ንጹሕ መሆኑ ደግሞ ጎሚኒው አንድ ጊዜም እንዳልዞረ፣ ያልዞረውም ቱቦው በማጠሩ እንደ ሆነ ይመሰክራል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ለማወቅ ሁለተኛ ጊዜ ማየት አላስፈለገኝም።

ከጎኔ መካኒኮች ዕቃ የሚያጥቡበት ቤንዚን በጣሳ ተቀምጦ ነበር፤ ብሩሽም ነበረው። አጠብሁት። በመጀመሪያ ጎሚኒውን አጠብሁ፣ ቀጥሎ ቱቦውን አጠብሁ፣ ከዚያም ጎሚኒውን መልሼ አጠብሁ። ሳልቸኩል ነው ያጠብሁት። ደንግጬ ነበር ብል፣ ሳላስበው ነው ብል፣ ትንሽ ይቀልልኝ ነበር፤ ሐሰት ይሆናል እንጂ። የማደርገውን እያወቅሁ አጠብሁት፤ በጨርቅ አደረቅሁት፤ ቀድሞ ወደ ነበረበት መለስሁት።

ከሰዓት ተሰበሰብን። ሙራድ ሆስፒታል ነበር። እትዬ ላቀች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ሸምሱ ሌሊቱን ከወንድሙ ጋር አድሮ ስለ መጣ ዓይኑ ቀልቷል። ሐጂ ኑርዬ ነገሩን ከመጀመራቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንጂነር፣ ዕቃው ያንቱ ነው። ሌላ ሰው ቢያየው አይሻልም?»

መውጫ በር ሰጥተውኝ ነበር። «አዎ፣ ሌላ ሰው ይየው» ብል ኖሮ ቢያንስ ፈራጅ አልሆንም ነበር። አፌን ሳልከፍት ሸምሱ ቀደመኝ።

«አይ ሐጂ፣ ጋሼ ይዩት። ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ተቀብያለሁ።»

እኔን የመረጠኝ እሱ ነው። ዕቃው ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። ሸምሱ ጎንበስ ብሎ አየውና አነሣው፤ ቱቦውን አውጥቶ በቀዳዳው ውስጥ ተመለከተ።

«ጋሼ፣ ይሄ ታጥቧል እኮ።»

ሁሉም እንዲያየው እኔ አጸዳሁት አልሁ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ መሆኔን የማያውቅ እዚያ አልነበረም፤ አንድም ሰው ግን አልጠየቀኝም። እንዲያውም ከኋላ የቆመ አንድ ጎማ ሻጭ «አንተ፣ ያልቀባኸውን ምን ታጠበብኝ ትላለህ?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ሸምሱም ፈገግ አለ። ፈገግታው ገብቶኛል፤ አሁን ጋሼ ያስተካክሉታል ብሎ ነው። «ቀብቼዋለሁ፤ ግራሶውን የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው» አለና እንድመሰክርለት ወደ እኔ ተመለከተ።

«ጎሚኒው የገባው ያለ ግራሶ ነው» አልሁ። «ደርቆ ቱቦውን ስለያዘው መዞር አልቻለም። ጆሮውን የገነጠለው እሱ ነው።»

መዞር አልቻለም ማለቴ እውነት ነበር። በግማሽ እውነት እንዲህ ሰው መግደል እንደሚቻል የተማርሁት ከራሴ አፍ ነው። ሐጂ ኑርዬም «ተቀብለሃል፣ ሸምሱ» አሉት፤ ጥያቄ አልመሰለኝም። የሸምሱ ዓይን ከእኔ ላይ አልተነሣም። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ሰው የሚያውቀውን ነገር ድንገት ሲጠራጠር ፊቱ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሸምሱ የእትዬ ላቀችን መኪና ለማሠራት ሳጥኑን ከነመፍቻዎቹ ሸጠ። ከዚያ ወዲያ የመኪና ቁልፍ የሚሰጠው አላገኘም፤ በኢንጂነሩ ቃል የተፈረደበት መካኒክ በእኛ መንገድ መካኒክ አይደለም። ሙራድም ከሆስፒታል በከዘራ ሲወጣ «ወንድሜ አንድ ጣት ግራሶ ነፈገኝ» ማለቱን ሰማሁ። ወደ ወንድሙ ቤት መሄዱን አቆመ፤ በኢድም፣ በልጆቹ ምርቃትም አልሄደም። የቆርቆሮው ጥላ ለሌላ ሰው ተከራየ። ሸምሱ ምን አለሽ ተራ ሄዶ በርሜል እየቆረጠ የከሰል ምድጃ መሥራት ጀመረ።

እኔስ ምን አደረግሁ? በዚያው ሳምንት ቶርኖ ቤት ሄጄ ቱቦው ከእንግዲህ ከጎሚኒው አልፎ እንዲቆረጥ አዘዝሁ። ለምን እንደ ሆነ አልነገርሁም። የማውቃቸውን ጥቂት ደንበኞች ጠርቼ «የተሻለ መጥቷል» በሚል ሰበብ በነጻ ቀየርሁላቸው፤ ስለ ለጋስነቴም ተመሰገንሁ። የማላውቃቸው ደግሞ ብዙ ነበሩ፤ ወደ ክፍለ ሀገር የሄደውን ማን ይከታተለዋል? አደባባይ ወጥቼ «እነዚያን አውጡ፣ ሰው ይገድላሉ» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ያን ብል ሸምሱ ነጻ ይወጣ ነበርና።

ከዓመታት በኋላ ምድጃ ፈልጌ ምን አለሽ ተራ ስገባ ተገናኘን። መዶሻውን አስቀምጦ ተነሣ፤ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጨበጠኝ፤ ስለ ልጆቼ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። በዙሪያችን ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ሁሉ ስለሚጮኽ ጆሮዬ ድረስ ቀርቦ ነበር የሚያወራኝ። በመጨረሻ ሳልጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ያኔ ቀብቻለሁ ብዬ የተከራከርኩት… አሁን ሳስበው ረስቼው ነው መሰለኝ። የዚያን ቀን ብዙ ሥራ ነበረብኝ።»

እጁ የሠራውን በእኔ ቃል የተነሣ ክዶት ነበር። እኔም፣ አንባቢዬ፣ በሩ ላይ ቆሜ ጣቱን ያየሁት እኔ፣ «ይሆናል» አልሁት። «ሰው ነን፣ ይረሳል» አልሁት። ምድጃውን በቅናሽ ሰጠኝ። ተሸክሜው ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከሁለቱ የትኛው ይከፋል? ማጠቤ ወይስ «ይሆናል» ማለቴ? ዕቃውን ሳጥብ የምደብቀው ጥፋት ነበረኝ፤ ስሜን ላጣ ነበር። «ይሆናል» ስል ግን ማንም አላስገደደኝም፤ ሰውየው እኮ ጉዳዩን ትቶታል። እኔ ግን ያቺን የቀረችውን፣ በልቡ ያለችውን ጥርጣሬ ሳይቀር ወሰድሁበት። ልጆች የማስተምር ነበርሁ ልበል? ሱቁ ይዘጋ ነበር ልበል? ልጆቼ ያን ጊዜ ራሳቸውን ችለው ነበር፤ ሱቁም በአንድ ስሕተት አይዘጋም ነበር። ሐጂ ኑርዬ ስሕተት ያመነ ነጋዴ ሲያጋጥማቸው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ነበር የሚሸኙት። የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልኩን ሳተ መባልን። ጫጩት መባልን።

ሐጂ ኑርዬ ካረፉ በኋላ መንገዱ በእሳቸው ወንበር እኔን አስቀመጠኝ። እምቢ አላልሁም። ስፈርድም ኖርሁ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ክርክር መጣ፤ ዕቃው እንደ ወጣ፣ ከነጭቃው ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ፤ ባለጉዳዮቹ «የጋሼ ኢንጂነርን ቃል ተቀብለናል» አሉ። እጄን ወደ ዕቃው ዘረጋሁ። መንካት አቃተኝ። ለምን በዚያ ቀን እንደ ሆነ ልነግርዎት አልችልም፤ አንዳች ብርሃን አልወረደልኝም። ብቻ ከወንበሩ ተነሥቼ፣ ሰው እያየኝ፣ ምን አለሽ ተራ ድረስ በእግሬ ሄድሁ።

ሸምሱ በርሜል ፊት ተቀምጦ ነበር። ሸምግሏል። ቆሜ ነገርሁት፤ ስለ ቱቦው ማጠር፣ ስለ ማለዳው፣ ስለ ቤንዚኑ። መጀመሪያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቀብቼው ነበር?»

«ቀብተኸው ነበር።»

«በደንብ?»

«በደንብ። ጣትህ ሁሉ ይታይ ነበር።»

እጁን አገላብጦ ተመለከተው። ከዚያ «ይሄን ሁሉ ዓመት እኮ» አለኝ፣ «ስሰግድ ‹ያ ረቢ፣ ረስቼ ነው፣ ወንድሜን በመርሳት ነው የጎዳሁት› እያልኩ ነበር።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ለምን እንዳደረግሁትም አልጠየቀኝም፤ የተዘጋጀሁት ለዚያ ጥያቄ ነበር። ይቅርታ ልለምነው አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝ። ለእሱ የምነግረው ማብቃቱን ነግሮኝ፣ አሁን ለሙራድ እንድነግርለት ብቻ ጠየቀኝ። የሚፈልገው ሌላ ምንም አልነበረም፤ ወንድሙ በሩን አልፎ እንዲገባ።

እሑድ ሸምሱ ቤት ሄድሁ። ባለቤቱ ምሳ አሰናድታ ነበር፤ የሙራድን ቦታ አስፍታ ትታለታለች። ሸምሱ ኢንጂነሩ ይፈልግሃል ብሎ ስለ ላከበት ሙራድ መጣ። ደጃፉ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ግባ ቢሉት አልገባም። ግራ እግሩን እያሳረፈ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማኝ። ሁሉንም ነገርሁት፤ ለሸምሱ እንደ ነገርሁት፣ ሳልቀንስ። ስጨርስ ለጥቂት ጊዜ አተኩሮ አየኝ።

«የዋሹት ያኔ ነው አሁን?»

ያኔ ነው አልሁት።

«በምን አውቃለሁ? ያኔም እንዲሁ ነበር አሉ ያወሩት። ረጋ ብለው።» ቀጠለና «ዕቃው የታለ?» አለኝ።

ዕቃው የለም። ቢኖርም ታጥቧል። ይህን ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያም በቁጣ ሳይሆን እንደሚያዝንልኝ ሆኖ «እሱ ለምኖዎት ነው አይደል? ሽማግሌ ነዎት፣ ለሰው ያዝናሉ» አለኝ። ወደ ወንድሙ ዞሮ «ይሄን ሰውዬ በዚህ ዕድሜያቸው ባታስዋሻቸው» ብሎ እያነከሰ ሄደ።

የያኔው ቃሌ ያለ ማስረጃ ታምኖ ነበር። የአሁኑ ቃሌ ያለ ማስረጃ ነውና አይታመንም። እንዲህ ብሎ የፈረደብኝ ሙራድ ትክክል ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ማስረጃ ያልቀረበበትን ነገር አልቀበልም ነበር። ሸምሱ ወንድሙ ከዓይኑ እስኪሰወር ደጃፉ ላይ ቆሞ ተመለከተ። ከዚያ እኔን «በሌላ ቀን እንሞክራለን፣ ጋሼ» አለኝ። አሁንም ጋሼ ይለኛል።

ይቅርታ አልለምንም። ሊሰጠኝ የሚችለው ሰው እጁን አንሥቶ ከልክሎኛል፤ ከሌላ የምቀበለው ደግሞ የእኔ አይሆንም። ይህን ጽሑፍ አባዝቼ በመንገዱ ላሉ ነጋዴዎች ሁሉ አድላለሁ፤ ከወንበሩም ተነሥቻለሁ።

እስከዚህች ሰዓት ድረስ ሙራድ ወንድሙ ቤት አልገባም። ይግባ አይግባ አላውቅም። በአጭር ቱቦ የሸጥኋቸው ቢጫ ጎሚኒዎች ስንቱ መኪና ላይ እንደ ቀሩ፣ በየትኛው ቁልቁለት ላይ እንደ ሆኑም አላውቅም።